ባለ አራት ጆሮ ኮምፕሬሰር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

የመኪናችን ኤሲ ሞተ። ከቤት ስንወጣ ይሠራ ነበር። ባለቤቴ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ጋ ልንደርስ ስንል ከኮፈኑ ሥር የሆነ ነገር ጮኸ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ከዚያ በቀዳዳዎቹ የሚወጣው አየር ሞቀ። ባለቤቴ መዳፉን አስጠግቶ ትንሽ ቆየና «እሰይ፣ ምድጃ ገዛን» አለ። ሳቅኩ። ሲወርድ ግን የበሩን ጠርዝ ይዞ ቆሞ አየሁት፣ ሳቄን ዋጥኩት።

ነገ ጋራዥ። ከሥራ በፊት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

መካኒኩን ሰው ሁሉ «በረዶ» ነው የሚለው፤ ከመኪና ኤሲ በቀር ሌላ ነገር አይነካም። ኮፈኑን ከፍቶ የኤሲውን ጋዝ የሚገፋውን ኮምፕሬሰር አገኘና ፑሊውን፣ የሞተሩ ቀበቶ የሚያዞረውን መዘውር፣ በእጁ ሊያዞር ሞከረ። አልዞር አለው።

«ነክሷል» አለኝ። ውስጡ ተቆላልፏል ማለቱ ነው። «እሱን መጠገን የለም፣ መቀየር ነው።»

«በል ቀይርልኛ።»

«በምን ልቀይርልሽ፣ እህቴ? አዲስ ለዚህ ሞዴል አይመጣም። ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ነው የምትፈልጊው። እሱም እንደ ዕድልሽ ነው። መኪናሽ ዘመድ የላትም።»

አጭር ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ አስሮ ኮምፕሬሰሩን ዘሎ እንዲዞር አደረገልኝ። መኪናዋ ትሄዳለች፤ አትቀዘቅዝም።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር ማንም አያነበውም፤ ቢሆንም ልጻፈው። ይህን ያህል የምጨነቀው ሙቀት አልወድም ብዬ አይደለም። የባለቤቴ ሕመም የነርቭ ነው። ሙቀት ሲያገኘው እግሩ ይከዳዋል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለስለታል። ሐኪሙ መጀመሪያ ሲያስረዳን ነርቩ ሽፋኑ እንደተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው ብሎን ነበር። ስለዚህ ኑሯችንን በቅዝቃዜ ሠራነው። ከቀዝቃዛ መኝታ ቤት ወደ ቀዝቃዛ መኪና፣ ከቀዝቃዛ መኪና ወደ ትምህርት ቤቱ ቀዝቃዛ የኮምፒውተር ክፍል። ርዕሰ መምህሩ ጂኦግራፊውን እዚያ እንዲያስተምር ፈቅደውለታል። ባለቤቴ እስካሁን አስተማሪ የሆነው በዚህ ነው። ከማስተማር ሌላ ደግሞ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ኮምፕሬሰሩ ይገኛል። መገኘት አለበት።

አርብ፣ መጋቢት 5

መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ሄድን። ነፋሱ ራሱ የጋለ ነው። አንገቱ ላይ ያደረግኩለት እርጥብ ፎጣ ሳንደርስ ደረቀ። ሲወርድ እግሩ እሺ አላለውም፤ ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀለት። ተማሪዎቹ ቆመው ያያሉ። «ካርታዬ ጠፍቶኝ ነው፣ ሰሜኑን እየፈለግኩ ነው» አላቸው። እነሱ ሳቁ። እኔ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ።

ሥራ ረፈደብኝ። አለቃዬ፣ የጥርስ ዶክተሩ፣ ሰዓቱን አሳየኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

መለዋወጫ ሰፈር ዋልኩ። መንገዱ ግራና ቀኝ የተፈታ መኪና ነው፤ በሩ አንድ ጥግ፣ መብራቱ ሌላ ጥግ፣ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ። ኮምፕሬሰር ማለት አንድ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም እንደ ሰው መልኩ ለየቅል ነው። ፑሊው ላይ የቺንጋ መስመር አለ፤ የእኔ ሰባት መስመር ነው፣ አብዛኛው ስድስት። የሽቦው ሶኬት አለ። ሞተሩ ላይ በብሎን የሚታሰርበት ጆሮ አለ፤ የእኔ አራት ጆሮ፣ የሌላው ሦስት። የቧንቧው አፍም ይለያያል።

ባለሱቆቹ ሁሉ አንድ ቃል ነው ያላቸው። «ናሙናውን አምጪ።»

አንዱ ደላላ ብቻ ናሙናም አልጠየቀኝ። «ይገኛል፣ እትዬ» አለኝ ገና አፌን ሳልከፍት። የአውሮፕላን ክንፍ ቢጠይቁት ይገኛል የሚል ሰው ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ትቶ «ይገኛል» እያለ ነው የሚጠራው። ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት።

«እርስዎ ይረጋጉ ብቻ» አለኝ።

እንዴት ነው የሚረጋጉት?

ሰኞ፣ መጋቢት 8

በረዶ አሮጌውን አወጣልኝ። እየተነጫነጨ ነው ያወጣው። የቧንቧዎቹን አፍ በላስቲክ ጠቅልሎ በፕላስተር አሸገ፤ እርጥበት ከገባ የሚመጣውንም ያበላሻል አለኝ። ኮምፕሬሰሩን በገበያ ቦርሳ ይዤ ወጣሁ። ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ሲሸከሙት ግን ትከሻ ይገነጥላል።

ነገ የሐኪም ቀጠሮ ነበረን፣ የምርመራው ውጤት። በዚህ ፀሐይ፣ በዚያች ምድጃ ከተማውን ከዳር እዳር አቋርጠን? ሆስፒታሉ ጋ ደውዬ አዘዋወርኩት። ጸሐፊዋ «ዶክተሩ፣ ቶሎ ብትመጡ ይሻላል ብለዋል» አለችኝ። ኤሲው እንደተሠራ እንመጣለን አልኳት። «ኤሲው?» አለችኝ። ስለ መኪና ሲያወሩት የማይገባው ሰው አለ።

ባለቤቴ «በታክሲ እንሂድ» አለኝ።

«ታክሲ ኤሲ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው!»

ቀና ብሎ አየኝና ወደሚያርመው ፈተና ተመለሰ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ይገኛል ደወለ። «አገኘሁልዎ፣ ቁርጥ የእርስዎን!» ምሳዬን ትቼ በረርኩ። ሦስት ጆሮ። አራተኛው የታለ ስለው «እናስበይዳለና» አለኝ። ጆሮ ይበየዳል? ደሜ ፈላ። ጮህኩበት። ሰው ዞሮ አየኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከቦርሳው አልፎ ነጩን ጋውኔን አበላሸው። ትከሻዬ። የትምህርት ቤቱ መንገድ ዛሬም ምድጃ። ዛሬም ዘበኛው ወንበር ለቀቀ። ሳሙና መግዛት ረሳሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዛሬ አንድ የረባ ነገር ሠራሁ።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ጥርስ ሐኪሙ የሰውየውን ድድ ልክ በሊጥ ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ በልኩ ላይ ጀሶ አፈስሳለሁ፤ ጥርሱን የምሠራው በጀሶው ላይ ነው። ሰውየው ቤቱ ተቀምጧል፣ ጥርሱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይገጥማል። ታዲያ የሰውን መንጋጋ ተሸክሜ ካልዞርኩ ኮምፕሬሰሩን ምን ያሸክመኛል?

ጠዋት ላብራቶሪው ባዶ ነበር። በአራቱ ጆሮዎች ዙሪያ ሊጡን ጠቀጠቅኩ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ ጀሶ አፈሰስኩ። ሲፈታ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ አራት ጉድጓድ ያለው ነጭ ሰሌዳ ወጣልኝ። የማንም ኮምፕሬሰር ጆሮው በእነዚህ ጉድጓዶች ከተቀመጠ የእኔ መኪና ላይ ይታሰራል። የቺንጋውን መስመር ልክም በጎኑ አስቀረሁ። ላላም፣ ጠበበም የለም። ለራሴ እጄን ሳምኩ።

ለባለቤቴ አሳየሁት። ጉድጓዶቹን በጣቱ እየነካ ብዙ ቆየ። «ጎበዝ ነሽ እኮ» አለኝ። እንባ በዓይኑ ሞላ። ሙቀቱ ነው፤ ዓይኑን ሁልጊዜ እንደዚህ ያደርገዋል።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ታላቅ ወንድሙ ከሰዓት ደወለ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ሲያወራ ይሰማኛል። ሰሞኑን ድምፁ ቀጥኗል፣ ሁሉን አልሰማሁም። የሰማሁት ይህን ነው።

«ተዋት፣ ወንድም ጋሼ። ትፈልግ። አሁን ብነግራት ምን ትይዛለች? … የለም፣ የለም፣ ስታገኘው ያን ጊዜ።»

ስለ ልጃችን መሆን አለበት። ነርሲንግ ኮሌጁን ከጨረሰች ጀምሮ ሥራ እየፈለገች ነው። አንድ የሰሙት ነገር ቢኖር ነው ሊያስደስቷት የደበቋት። አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ጀሶዬን ይዤ ሱቅ ለሱቅ። አንዱ ባለሱቅ አገላብጦ አየውና «እትዬ፣ ለመኪናዎ ጥርስ ሊያስተክሉላት ነው?» አለኝ። ጎረቤቶቹን ጠራ። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ግን ጀሶው ሥራውን ይሠራል። ድሮ አንድ ዕቃ ለማስተያየት ግማሽ ሰዓት እንከራከር ነበር። አሁን አስቀምጠዋለሁ፣ አልገባም ካለ ደህና ዋሉ።

ሁሉም አልገባም አለ።

አርብ፣ መጋቢት 19

ባለቤቴ ክፍል ውስጥ ወደቀ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ደወሉልኝ። ስደርስ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግማሽ ወንዝ ስሎ ትቶታል። የኮምፒውተር ክፍሉ ይቀዘቅዛል። እኔ ራሴ ስገባ ክንዴን ብርድ ብርድ አለኝ።

ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ ወስደው አነጋገሩኝ። «እኛ እንወደዋለን፤ ልጆቹም ይወዱታል። ግን እስከ ፈተናው ድረስ ሌላ መምህር ብንተካ…»

«መንገድ ላይ ያገኘው ሙቀት ነው» አልኳቸው። «ከመኪናው የያዘው ነው። ኤሲው ይሠራ፣ ያዩታል።»

«የወደቀው በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው እኮ» አሉኝ በቀስታ። «ጠዋት ነው የገባው።»

ሙቀት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። አይቆይም? ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሞቃል። ይህን ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። «ጥቂት ቀን ይስጡን» ብቻ አልኩ፤ እንደ ለማኝ። እሺ አሉኝ። ፊታቸውን ግን አልወደድኩትም። ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ገጠመ! ገጠመ! ገጠመ!

ከሰፈሩ መጨረሻ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ። አራቱም ጆሮ ጉድጓዳቸው ውስጥ ቁጭ አሉ፣ ሰባቱም መስመር ልክ። ባለሱቁ ፑሊውን በጣቱ አዞረው፤ ያለ ድምፅ ተሽከረከረ። ይገኛል አጠገቤ ቆሞ «አላልኩም?» ይላል፤ እሱ ምንም አላደረገም፣ ግን ሳምኩት። በሰው ፊት ደላላ ሳምኩ!

ወደ በረዶ ይዤው ሄድኩ። አገላበጠው፤ ከኋላው ያለውን ሶኬት ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። «ልኩ ልክ ነው» አለ። «ውስጡን ግን እንጃ። ይኼን ሶኬት አልወደድኩትም። የወጣበትን መኪና ሞዴል ጠይቀሽ ብትመለሺ?»

«ሱቁ ተዘግቷል። ገጥሟል እኮ!»

«መግጠሙንማ ገጥሟል።»

«በል እሰርልኝ።»

ሰኞ፣ መጋቢት 22

አልሠራም።

በረዶ ቀኑን ሙሉ ለፋ። የእርጥበት ማድረቂያውን ቀየረ፣ ዘይት ጨመረ፣ ጋዝ ሞላ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ የኤሲውን ቁልፍ ተጫንኩ። መዳፌን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ያው ሙቀት። «ትንሽ ጊዜ ይፈልግ ይሆናል» አልኩ። በረዶ ቧንቧውን ጨብጦ ራሱን ነቀነቀ።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። የእኔ አሮጌው ሲያዙት የሚይዝ፣ ሲለቁት የሚለቅ ቀላል ዕቃ ነው። ይኼኛው ግን ምን ያህል እንደሚሠራ ከመኪናው ኮምፒውተር ትእዛዝ ይጠብቃል፤ የእኔ መኪና ደግሞ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አታውቅም። «ይዞራል» አለኝ፣ «ግን ሥራ ፈቶ ነው የሚዞረው።»

ሶኬቱን አልወደድኩትም ብሎኝ ነበር። ጠይቀሽ ነይ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የገጠመ ሁሉ የሚሠራ መሰለኝ። በእኔ ሙያ እንደዚያ ነው፤ የገጠመ ጥርስ ያኝካል፣ ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን ያህል ዓመት ልክ ስለካ ኖሬ ነገር ሁሉ በልክ የሚያልቅ መሰለኝ። ጋራዡ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በረዶ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት አጠገቤ ቆመ፤ ጨርቅ ሰጠኝ፣ ጨርቁ ዘይት ነበር፣ ፊቴን አጠቆርኩት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ነው። አየኝ። «አልሆነም?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። አጠገቡ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀልኝና በሸሚዙ እጅጌ የፊቴን ዘይት መጥረግ ጀመረ። ቀኝ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ በግራው ነው የጠረገኝ። «ስሚ» አለኝ፣ «ብትተይውስ?»

«ምኑን?»

ከጉንጬ የቀረውን ዘይት ጠረገ። «መኪናውን» አለ ኋላ።

እንዴት ነው የምተወው? ምን ልሁን ከተውኩት? ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ክፉኛ ነው የጮህኩት። ልጃችን ከክፍሏ ወጣች፣ አየችንና ተመለሰች። አፍሬያለሁ። እሱ ምን አደረገኝ? ለእኔው አዝኖ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ታበርደው ነበር፤ እኔ አነደድኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ባለሱቁ ዕቃውን መልሶ በሌላ ሊለውጥልኝ ተስማማ፤ ሌላው ግን የለም። ከዚያ ስመለስ የወንድም ጋሼ መኪና ከደጃችን ሲወጣ አየሁ። ባለቤቴ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፎበታል። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ደም ሰጥቼ» አለኝ። ለማን ነው እሱ ደም የሚሰጠው! ቀልደኛ።

አልጋው አጠገብ አዲስ የመድኃኒት ካርቶን አለ። ቫይታሚን ይሆናል። ስሙ ረጅም ነው፣ መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ልጃችን ዕቃ ስታጥብ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሥራ አጣሁ ብለሽ ነው?» አልኳት። «አይዞሽ፣ ይመጣል።»

«እማዬ፣ አባዬን ጠይቂው።»

«ምኑን ልጠይቀው?»

«ዝም ብለሽ ጠይቂው። ስለ መኪና ሳይሆን።»

ቆጣ አልኩ። በዚህ ቤት መኪናውን የሚያሯሩጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉም መካሪ ሆነብኝ አልኳት። ሳህኑን አስቀምጣ አቀፈችኝ፤ እጇ እርጥብ ስለነበር ጀርባዬ ረጠበ። እኔ አላቀፍኳትም። አሁን ተኝታለች። ሄጄ ላቅፋት አስቤ ከበሩ ተመለስኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 28

እጠይቀዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ጋዜጣ እያነበብኩለት ነበር፤ ዓይኑ ፊደሉን አልለይ ብሎታል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ይገኛል ነገ ሌላ ሰፈር ሊወስደኝ ነው» የሚል ነው። «መልካም» አለኝ።

ፈሪ ነኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ሙቀቱ ብሶበታል። በሁለተኛው ሰፈርም ኮምፕሬሰሩ የለም። ባለቤቴ ትምህርት ቤት አልሄደም፤ ለጥቂት ቀን ነው። ተማሪዎቹ ደብዳቤ ላኩለት፤ ልጃችን አነበበችለት። «ቶሎ ይምጡ፣ የተተኩት መምህር ካርታ ሲስሉ ደሴቶቹን ይረሳሉ» ይላል። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ሁለት መንጋጋ አበላሸሁ። አንዱን በመሰርሰሪያ ወጋሁት፣ አንዱን የላይኛውን ከሌላ ሰው የታችኛው ጋር ገጠምኩት። ዶክተሩ «እረፍት ውሰጂ» አለኝ። እረፍት ወስጄ ምን ላድርግ? ቤት ልቀመጥ?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ይገኛል ጠዋት ደወለ። ድምፁ ዛሬ የሱቅ ድምፅ አልነበረም። «እትዬ፣ ከኋላ የተገጨች መኪና አለች። የእርስዎ ሞዴል፣ የእርስዎ ዓመት። ፊቷ ምንም አልሆነም።»

ከከተማው ዳር፣ የተገጩ መኪኖች የሚቆሙበት ሰፊ ግቢ ወሰደኝ። በረዶንም አስነስተን ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ያለ እሱ አልነካም ብያለሁ። መኪናዋ የእኔኑ ቀለም ናት። ኋላዋ እንደ ወረቀት ተጨምድዷል። ኮፈኗን ስንከፍት ግን ሁሉ ነገር እንደነበረ፤ ከአቧራው በቀር።

በረዶ ከራሱ መኪና ባትሪ አምጥቶ ሽቦ አገናኘ። ኮምፕሬሰሩ ጠቅ ብሎ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። በረዶ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። «ይኼ የአንቺ ነው» አለኝ። ጀሶዬን ከቦርሳ አውጥቼ ነበር። ለማንም አላስፈለገም።

ይገኛልን አመሰገንኩት። ስለ ባለቤቴ ያወቀው ከበረዶ ነው መሰለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ኮሚሽኑን አላነሳም። «እሳቸው እንዴት ናቸው?» አለኝ ብቻ። «ደህና ነው፤ ይኼ ሲገጠም ደህና ይሆናል» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ለምን አንገቱን ይደፋል? አገኘን እኮ!

መንገዱን ሙሉ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ቀዘቀዘች። በረዶ ሲጨርስ መስታወቱ ላይ ጉም ያዘ። እጄን ቀዳዳው ላይ አድርጌ እስኪደነዝዝ አቆየሁት። ለባለቤቴ ከጋራዡ ደወልኩ፤ «ሠራ! ነገ ትምህርት ቤት!» አልኩት።

«እሺ» አለ፣ «ነገ እንሄዳለን። ከረባቴን አዘጋጂልኝ።»

ልጃችን ከረባቱን ስትተኩስ እንደገና አለቀሰች። ደስታ ነው አልኳት። ከረባቱን ወንበር ላይ ሰቅላ ወጣች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ቀድሜ ወጥቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ሲገባ መኪናዋ በደንብ ቀዝቅዛ ነበር። ልጃችን በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ይዘን አስገባነው። ከደረጃው ነው፤ የቤታችን ደረጃ ሁልጊዜም ክፉ ነው። መንገድ ላይ ስለ ሁሉ ነገር አወራሁ። ስለ በረዶ ሳቅ፣ ስለ ጀሶው፣ ፈተናው እስኪደርስ ስንት ምዕራፍ ሊሸፍን እንደሚችል። እሱ ጭንቅላቱን መደገፊያው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። መንገዱን አላየም፣ እኔን ነው ያየው።

ከበሩ ፊት ለፊት አቆምኩ። ዞሬ በሩን ከፈትኩለት። «ቆይ» አለኝ። እግሩን ሊያነሳ ሲሞክር አየሁት። ጉልበቱ ላይ ሱሪው ትንሽ ተነቃነቀ፤ እግሩ አልመጣም። ቀኝ እጁም አላገዘው። በግራ እጁ ሱሪውን ጨብጦ አንዱን እግር ወደ ውጭ አወጣው። ሁለተኛው ላይ ደከመ።

«ትንሽ እንቆይ» አልኩት። «ገና አልቀዘቀዝክም።»

ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። ተመልሼ ገባሁና ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ቅዝቃዜ ነው የሚያስፈልገው፣ ሌላ ምን አለ? በዚያ በኩል ተማሪዎች «ቲቸር!» እያሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። በግራው አውለበለበላቸው። ደወል ተደወለ። ግቢው ባዶ ሆነ።

እግሩን በእጁ አንስቶ ወደ ውስጥ መለሰና በሩን ዘጋው።

«መኪናዋ ድናለች» አለኝ። «በቃ፣ አሁን ስለ እኔ እናውራ። ሐኪሙ ስላለኝ።»

ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ግን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ማራገቢያው ይጮሃል። «ምን አልከኝ?» አልኩት። ደገመልኝ። አሁንም አልሰማሁም።

ሞተሩን አጠፋሁት።